የመንጋጋ መገጣጠሚያ መሸርሸርና የሕክምናው ታሪክ

የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚገናኝበት፣ ከጆሮ ፊት ለፊት በሚገኘው ስፍራ፣ ሰው ሲበላም ሲናገርም ዕረፍት የማያገኝ መገጣጠሚያ አለ። ልም አጥንቱ ሲሸረሸር አፍ መክፈት ያስቸግራል፤ ማኘክም ሥቃይ ይሆናል። የዚህ ሕመም የሕክምና ታሪክ ለሙያችን ብርቱ ትምህርት ያዘለ በመሆኑ ጥቂቱን እናወሳለን።

እ.ኤ.አ. በ1887 የኤዲንበርጉ ቀዶ ሐኪም ቶማስ አናንዴል፣ ከቦታው የተንሸራተተውን የመገጣጠሚያ ዲስክ በቀዶ ሕክምና ወደ ስፍራው ስለመመለስ በላንሴት መጽሔት ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ጄምስ ኮስተን የተባለ የሴንት ሉዊስ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም 11 ሕሙማንን ጠቅሶ፣ የኋላ ጥርሶች ሲጠፉ የመንጋጋው ራስ ወደ ኋላ ተገፍቶ ነርቭን ይጫናል ሲል አስተማረ። የአናቶሚ ሊቁ ሃሪ ሲከር ሐሳቡ ከአካል አሠራር ጋር እንደማይስማማ ቢያሳይም፣ ጥርስን እየሞረዱና ንክሻን ከፍ እያደረጉ የማከም ልማድ ለብዙ ዘመን ቀጠለ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1983 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ቪቴክ የተባለው የሂውስተን ኩባንያ ከፕሮፕላስትና ከቴፍሎን የሠራውን ምትክ ዲስክ ለገበያ ፈቀደ። ቁሱ በማኘክ ጫና እየተፈረፈረ ሄደ። ሰውነት ብናኙን እንደ ባዕድ ነገር ሲዋጋ በአካባቢው ያለው አጥንት ተበላ። መንግሥት ማስጠንቀቂያ ያወጣው በ1990፣ ምርቱ እንዲሰበሰብ ያዘዘው በ1991 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ብዙ ሕሙማን ፊታቸው ተጎድቶ፣ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ተሠቃይተው ነበር።

በዚያው በ1991 ዶሪት ኒትዛንና ባልደረቦቿ መገጣጠሚያውን በሁለት መርፌ አማካይነት በፈሳሽ ማጠብ፣ በድንገት የተያዘን አፍ ሊከፍት እንደሚችል አስታወቁ። ዘዴው ኋላ ለመገጣጠሚያ መሸርሸርም ዋለ።

ስሕተቱ ለምን ረዥም ዕድሜ አገኘ? ቢባል፣ አንዱ ምክንያት የሕመሙ ጠባይ ነው። በራጅ የሚታየው ጉዳት ከሥቃዩ መጠን ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም፤ ሥቃዩም በብዙዎች ላይ ከጊዜ በኋላ ራሱ ይበርዳል። ስለዚህ ጊዜ ያዳነውን ሐኪሙ እኔ አዳንሁ ይላል።

ዛሬ ሕክምናው የሚጀምረው ለስላሳ ምግብ ከመመገብ፣ ከሙቀት መያዣ፣ ከመንጋጋ እንቅስቃሴና ከማስታገሻ ነው። መርፌና እጥበት ለተመረጡ ሕሙማን ይታሰባሉ፤ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ፈጽሞ ለተበላሸው ብቻ የሚቆይ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ሐኪም ሊመልሰው የማይችለውን ነገር ከማድረጉ በፊት፣ ሊመለስ የሚችለውን ሁሉ ይሞክር፤ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።