ካኖፐስ ከዋጃ ሲታይ፦ የአንድ ሩቅ ግዙፍ ኮከብ ባሕርያት

በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ዋጃ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ፣ በቆቦ ሜዳ አቅጣጫ ለሚመለከት ሰው ከአድማስ 25 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ የሚያበራ ነጭ ኮከብ ይታያል። ካኖፐስ ነው፤ ዐረቦች ሱሀይል ይሉታል። ከሌሊት ከዋክብት በድምቀት የሚበልጠው ሲሪየስ ብቻ ነው። በአብዛኛው አውሮፓ ግን ከአድማስ በላይ ስለማይወጣ ጨርሶ አይታይም።

የድምቀት ደረጃው የሁለቱን ከዋክብት እውነተኛ ኃይል ይሸፍናል። ሲሪየስ ከእኛ የሚርቀው 8.6 የብርሃን ዓመት ሲሆን ከፀሐይ 25 እጥፍ ገደማ ያበራል። የካኖፐስ ርቀት፣ ሂፓርኮስ የተባለው ሳተላይት በፓራላክስ እንደለካው፣ 310 የብርሃን ዓመት አካባቢ ነው፤ የሚያመነጨው ብርሃንም ከፀሐይ ከ10,000 እጥፍ በላይ ነው። ዛሬ ማታ የምናየው ብርሃኑ ጉዞ የጀመረው ጎንደር መናገሻ ሳለች ነው። በሲሪየስ ርቀት ላይ ቢሆን ኖሮ ከአሁኑ 1,300 ጊዜ ያህል በደመቀና በጨለማ ሌሊት ጥላ ባስጣለ ነበር።

መጠኑስ? በአውስትራሊያ ናራብሪ የተተከለው የሀንበሪ ብራውን ኢንተርፌሮሜትር፣ ኋላም የተራቀቁ መሣሪያዎች፣ የማዕዘን ስፋቱን ለክተው ወደ 0.007 የቅስት ሰከንድ ሆኖ አግኝተውታል። ይህ ከርቀቱ ጋር ሲሰላ የኮከቡ ሬዲየስ ከፀሐይ 70 እጥፍ በላይ ይሆናል። በፀሐይ ቦታ ብናስቀምጠው ገጹ ወደ ሜርኩሪ ምሕዋር ይቃረባል። ግዙፍ ሲባል ቀይ ኮከብ ወደ አእምሮ ይመጣል፤ ካኖፐስ ግን የገጹ ሙቀት 7,400 ኬልቪን ገደማ ስለሆነ ከፀሐይ ይነጣል።

ይህን ያህል ያበጠው በእምብርቱ የነበረውን ሃይድሮጅን ስለጨረሰ ነው። ክብደቱ ከፀሐይ 8 እስከ 10 እጥፍ ይገመታል፤ በእኔ እይታ ኮከቡን ለጥናት እጅግ ተፈላጊ የሚያደርገው ይህ ነው። ነጭ ድንክ ሆነው የሚያበቁትን ከዋክብት በሱፐርኖቫ ከሚፈነዱት የሚለየው ድንበር የሚያልፈው እዚሁ ክብደት አጠገብ ነው።

ፖሲዶኒየስ የተባለው የግሪክ ሊቅ ካኖፐስ በሮድስ አድማሱን ነክቶ ብቻ ሲያልፍ በእስክንድርያ ከፍ ብሎ እንደሚታይ አስተውሎ የምድርን ዙሪያ ገምቶበታል። ተመሳሳዩን ሥራ በአገራችን መሥራት ይቻላል። ኮከቡ ከፍተኛ ቦታው ላይ ሲደርስ በአዲስ አበባ ከዋጃው 3 ዲግሪ ከሩብ ያህል ይልቃል፤ በሁለቱ መካከል ያለው የሰሜን–ደቡብ ርቀት ደግሞ 360 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የሚያስፈልገው ፕሮትራክተር፣ ክርና ቱንቢ ብቻ ነው። የዋጃና የቆቦ የፊዚክስ መምህራን በአዲስ አበባ ካሉ ባልደረቦቻቸው ጋር ተቀናጅተው በመጪው የካቲት ተማሪዎቻቸውን ይህን ልኬት ያሠሩ።