በእርግዝና ወቅት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ውጤት እንዴት ይነበባል?

አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለእርግዝና ክትትል ወደ ጤና ተቋም ስትሄድ ክብደቷና የደም ግፊቷ ይለካል፤ ሽንቷና ደሟም ይመረመራል። ባለሙያው ሁኔታዋን አይቶ የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ሊያዝላት ይችላል። ውጤቱ ታትሞ ሲወጣ በአንድ በኩል የእናቲቱ ቁጥር፣ በሌላው በኩል ደግሞ ጤናማ ተብሎ የሚወሰደው መጠን ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ሰው ሁለቱን አስተያይቶ ቁጥሩ በተሰጠው ወሰን ውስጥ ከሆነ ይረጋጋል፤ ከወሰኑ ካለፈ ደግሞ ይደነግጣል።

ይህ አነባበብ ነፍሰ ጡር እናትን ሊያሳስት ይችላል። በአብዛኞቹ የላቦራቶሪ ወረቀቶች ላይ የሚታተመው ወሰን ነፍሰ ጡር ላልሆነ አዋቂ ሰው የተዘጋጀ ነው። እርግዝና ግን የደሙን መጠንም ሆነ የኩላሊትንና የጉበትን አሠራር ይለውጣል። በመሆኑም በወረቀቱ ላይ ጤናማ የሚመስል ቁጥር ለነፍሰ ጡሯ የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ብሎ የሚያስደነግጥ ቁጥርም ምንም ችግር የሌለበት ሊሆን ይችላል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይለወጣል?

በእርግዝና ወቅት የደም ፈሳሽ ክፍል ከ40 እስከ 50 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በልክ በተጨመረ ጨው የተሠራ ወጥ ውኃ ሲጨመርበት ጨውነቱ እንደሚቀንስ ሁሉ፣ በደም ውስጥ የሚገኙ አንዳንድ ንጥረ ነገሮችም ይቀጥናሉ። ኩላሊትም ከመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ጀምሮ ሥራውን ያበረታል፤ ደም የማጣራት አቅሙ እስከ 50 በመቶ ገደማ ያድጋል። የተጣራው ቆሻሻ ፈጥኖ በሽንት ስለሚወጣ በደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል።

በጉበት በኩል ያለው ለውጥ ይለያል። የጉበት ሕዋሳት ሲጎዱ ወደ ደም የሚፈስሱት ኢንዛይሞች በእርግዝና ምክንያት አይጨምሩም። በአንጻሩ እንግዴ ልጁ ራሱ አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለውን ኢንዛይም ስለሚያመነጭ የዚህ መጠን እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ ከፍ ይላል።

የኩላሊት ምርመራ

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሰጠው ክሪያቲኒን ነው። ጡንቻ ሲሠራ የሚፈጠር፣ በኩላሊት ተጣርቶ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ0.5 እስከ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ የአንዳንድ ላቦራቶሪዎች ወረቀት እስከ 1.1 ወይም 1.2 ድረስ ጤናማ ብሎ ያሳያል። በእርግዝና ወቅት የሚጠበቀው መጠን ግን የሚከተለው ነው፦

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ0.4 እስከ 0.7፣
በሁለተኛዎቹ ሦስት ወራት ከ0.4 እስከ 0.8፣
በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከ0.4 እስከ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር።

ስለዚህ በአምስተኛ ወሯ 1.0 የተመዘገበባት እናት ውጤቷ በወረቀቱ ወሰን ውስጥ ቢሆንም ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋታል። የደም ግፊት ላለባት ነፍሰ ጡር 1.1ን ማለፍ በሽታው ኩላሊትን መንካቱን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የዩሪያ ነው። አንዳንድ ላቦራቶሪ ውጤቱን «ዩሪያ»፣ ሌላው «ቢዩኤን» ብሎ ይጽፈዋል። ሁለቱ አንድን ነገር በተለያየ ስሌት የሚገልጹ በመሆናቸው ቁጥራቸው አይገጥምም፤ የዩሪያው ቁጥር ከቢዩኤኑ በሁለት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቢዩኤን ነፍሰ ጡር ባልሆነ ሰው ከ7 እስከ 20 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ በእርግዝና መጀመሪያ ከ7 እስከ 12፣ በመካከለኛው ጊዜ ከ3 እስከ 13፣ በመጨረሻው ከ3 እስከ 11 ይሆናል።

ዩሪክ አሲድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ዝቅ ብሎ ከ2.0 እስከ 4.2፣ በመካከለኛው ጊዜ ከ2.4 እስከ 4.9፣ በመጨረሻዎቹ ወራት መልሶ ከፍ ብሎ ከ3.1 እስከ 6.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይደርሳል።

የጉበት ምርመራ

ኤኤልቲና ኤኤስቲ የጉበት ሕዋሳት መጎዳታቸውን የሚጠቁሙ ኢንዛይሞች ናቸው። በአንዳንድ ወረቀቶች ላይ ኤኤልቲ «ኤስጂፒቲ»፣ ኤኤስቲ ደግሞ «ኤስጂኦቲ» ተብለው ይጻፋሉ። በእርግዝና ወቅት ኤኤልቲ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ3 እስከ 30፣ በሁለተኛዎቹ ከ2 እስከ 33፣ በመጨረሻዎቹ ከ2 እስከ 25 ዩኒት በሊትር ነው። ኤኤስቲ በቅደም ተከተል ከ3 እስከ 23፣ ከ3 እስከ 33 እና ከ4 እስከ 32 ይሆናል። ከዚህ በላይ ከፍ ያለ ውጤት «እርግዝና ያመጣው ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

አልካላይን ፎስፋቴዝ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ33 እስከ 96 ዩኒት በሊትር ሲሆን፣ በእርግዝና መጨረሻ ከ38 እስከ 229 ሊደርስ ይችላል። ሌሎቹ የጉበት ውጤቶች ጤናማ ሆነው ይህ ብቻ ከፍ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ እንግዴ ልጁ ስለሆነ አያሳስብም።

ቢሊሩቢን ሲበዛ ዓይንን ቢጫ የሚያደርግ ንጥረ ነገር ነው። ጠቅላላ መጠኑ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከ0.1 እስከ 0.4፣ በሁለተኛዎቹ ከ0.1 እስከ 0.8፣ በመጨረሻዎቹ ከ0.1 እስከ 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን በበኩሉ ይቀንሳል፤ ነፍሰ ጡር ባልሆነች ሴት ከ4.1 በታች የማይወርደው መጠን በመጨረሻዎቹ ወራት ከ2.3 እስከ 4.2 ግራም በዴሲሊትር ቢሆን የሚጠበቅ ነው።

ውጤቱ ከወሰን ሲያልፍ ምን ሊያመለክት ይችላል?

ቀዳሚው ስጋት ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና ደም ግፊት በሽታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ይከሰታል። የደም ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም ኩላሊት፣ ጉበት አልያም ሌላ የሰውነት ክፍል መጎዳቱ ሲታይ በሽታው መኖሩ ይታወቃል። ክሪያቲኒን ከ1.1 ሲያልፍ፣ የጉበት ኢንዛይሞች ከጤናማው ከፍተኛ ወሰን ሁለት እጥፍ ሲሆኑ፣ ወይም ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕላትሌቶች ከ100 ሺህ በታች ሲወርዱ በሽታው ተባብሷል ማለት ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት እየፈረሱ ኢንዛይሞቹ ከፍ ሲሉና ፕላትሌቶች ሲቀንሱ «ሄልፕ» የሚባለው አደገኛ ደረጃ ላይ ተደርሷል። ይህ የእናቲቱንም የጽንሱንም ሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ አስቸኳይ የሆስፒታል ሕክምና ይጠይቃል።

ሁለተኛው የሐሞት ፍሰት መስተጓጎል ነው። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ወራት ይታያል። ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና ውስጥ እግርን አጥብቆ ያሳክካል፤ በሌሊትም ይብሳል። ማሳከኩ እናቲቱን ቢያስቸግርም ዋናው አደጋ በጽንሱ ላይ ነው፤ በከባድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ጽንሱ በማሕፀን ሊሞት ስለሚችል የቅርብ ክትትል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቫይረስ የሚያመጣው የጉበት ብግነት ነው። በተበከለ ውኃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢ በሌሎች ሰዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚድን ቢሆንም፣ በመጨረሻዎቹ ወራት ላይ ለምትገኝ ነፍሰ ጡር ገዳይ ሊሆን ይችላል። ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን ክትባት እንዲያገኝ ይመክራል።

ከእነዚህ ሌላ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያጋጥም ከባድ ትውከት የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ሊያደርግ፣ የሰውነት ፈሳሽ ማነስና የኩላሊት ኢንፌክሽንም ክሪያቲኒንን ሊጨምሩ ይችላሉ። እምብዛም የማያጋጥመው በጉበት ላይ በድንገት ስብ የመከማቸት ሕመም ደግሞ በመጨረሻዎቹ ወራት በማቅለሽለሽ፣ በትውከትና በሆድ ሕመም ይጀምራል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበትን ከሥራ ውጪ ሊያደርግ ስለሚችል ጊዜ አይሰጥም።

የደም ውጤት የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ በየጤና ኬላው አይሠራም። የደም ግፊት መለካትና የሽንት ፕሮቲን ማየት ግን በጤና ጣቢያ ደረጃ የሚቻል ሲሆን፣ ብዙ እናቶችን ከሞት የሚያተርፈውም ይህ ቀላል ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር እንድትገናኝ፣ የመጀመሪያው ክትትልም በ12 ሳምንት ጊዜ ውስጥ እንዲሆን ይመክራል። ቀድማ የጀመረች እናት የመነሻ ቁጥሯ ስለሚታወቅ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ማየት ቀላል ይሆናል።

የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ የደም ምርመራ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፤
ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ከልብ በታች የሚሰማ ከባድ ሕመም፤
የፊትና የእጅ ድንገተኛ እብጠት፣ የሽንት ማነስ፤
የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት ቀለም መጥቆር፣ ሽፍታ የሌለው ከባድ ማሳከክ፤
ራስን መሳት ወይም መንዘፍዘፍ፤
የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ።

መንዘፍዘፍ በአንዳንድ አካባቢዎች እንደ ልክፍት፣ የዓይን ቢጫ መሆን ደግሞ በባህል መድኃኒት ብቻ እንደሚድን የወፍ በሽታ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት የሚጠፋው ሰዓት የሁለት ሰው ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ቤተሰብና ጎረቤት አምቡላንስ ለመጥራትም ሆነ ሌላ መጓጓዣ ለማግኘት ፈጥኖ መነሣት ይኖርበታል። ይህ በሽታ ከወለዱ በኋላ ባሉት ሳምንታትም ሊከሰት ስለሚችል አራስ እናትም ምልክቶቹ ሲታዩባት መመርመር አለባት።

መድኃኒትና ጥንቃቄ

ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የሚወሰዱ የሕመም ማስታገሻዎች ጉዳት ያስከትላሉ። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ከታዘዘው መጠን ሲያልፍ ጉበትን ይጎዳል። ኮሶን የመሰሉ መጠናቸው ያልተለካ የባህል መድኃኒቶችም በእርግዝና ወቅት መወሰድ የለባቸውም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን በራሷ ፈቃድ ማቋረጥ የለባትም፤ የጉበት ምርመራ ክትትል እንዲደረግላት ባለሙያውን ማማከር ይገባታል።

ውጤቱን ለባለሙያ ሲያሳዩ

ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ከመለኪያው ጋር ሲነበብ ነው። ክሪያቲኒን በማይክሮሞል በሊትር ከተጻፈ 0.8 የነበረው 71 ገደማ ሆኖ ይታያል፤ ይህ የመለኪያ እንጂ የጤና ለውጥ አይደለም። የላቦራቶሪ መሣሪያዎችም ስለሚለያዩ ከላይ የቀረቡት ወሰኖች መጠነኛ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። በመሆኑም የቀድሞ ውጤቶችን በሙሉ ጠብቆ ማስቀመጥ፣ የእርግዝናውን ሳምንት ለባለሙያው መናገርና የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ማሳወቅ ይገባል። ከ0.5 ተነሥቶ 0.9 የደረሰ ክሪያቲኒን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በ0.7 ከቆየው ይልቅ ባለሙያን ያሳስባል።

እናቲቱ ወይም አብሯት የሄደ ቤተሰብ ከምርመራ ክፍሉ ከመውጣቱ በፊት «ይህ ውጤት ለነፍሰ ጡር ጤናማ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። በወረቀቱ ላይ የታተመው ወሰን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሰጥም፤ ውጤቱን ከደም ግፊቷ፣ ከሽንት ምርመራዋና ከእርግዝናዋ ዕድሜ ጋር አያይዞ የሚመልሰው ክትትሏን የሚያደርገው የጤና ባለሙያ ነው።