ይድነቃቸው ተሰማ በሜዳ ላይ

ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የመኪና ሙያ ሊማሩ ወደ ጀርመን የተላኩ፣ እዚያም ሳሉ የመጀመሪያዎቹን የአማርኛ ዘፈኖች በሸክላ ያስቀረጹ ባለቅኔ ናቸው። ልጃቸውን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነታቸው ነው። ይህ ዝና ግን ከሥራቸው ከፊሉን ሸፍኖታል። ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል፤ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባሸነፈችበት ብቸኛ ጊዜም የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ።

የተጫዋችነት ዘመናቸው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ክለቡን በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ከጓደኞቻቸው ጋር መሠረቱት፤ ስሙንም ከአራዳው ጊዮርጊስ ወሰዱ። በአዲስ አበባ ኳስ የሚጫወቱት እስከዚያ በአብዛኛው የውጭ አገር ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ አርመኖቹም ግሪኮቹም የየራሳቸው ቡድን ነበራቸው። ጊዮርጊስ የአገሬው ልጆች ቡድን ሆኖ ብቅ ሲል ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ክለቡ እግሩን ሳይተክል የጣሊያን ጦር መጣ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች።

የወረራው አምስት ዓመት በስፖርቱም ላይ ከባድ ነበር። የፋሺስቱ አስተዳደር ዘር ከዘር ለይቶ ሲያበቃ ሜዳውንም ለየ፤ ኢትዮጵያውያን ከጣሊያኖች ጋር መግጠም ተከለከሉ። የአገሬው ቡድኖች ስማቸውን እንዲቀይሩ ታዘዙ፤ ጊዮርጊስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ይድነቃቸው የጉርምስና ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በዚህ ሥርዓት ሥር ኳስ እየተጫወቱ ነው። በኋላ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ከስፖርት ለማስወጣት ያሳዩት እልህ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ዘር የለየውን ሜዳ ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ ተጫውተውበታል።

ነጻነት ሲመለስ ጊዮርጊስ ስሙን መልሶ ያዘ። በከተማዋ ከቀሩት ጣሊያኖች ቡድን ከፎርቲቱዶ ጋር የተደረጉት ግጥሚያዎች ከኳስ በላይ ትርጉም ነበራቸው፤ ትናንት ተከልክሎ የነበረው ጨዋታ ዛሬ በእኩል ሜዳ ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ፤ የጨዋታውን ሕግም ወደ አማርኛ መለሱት። በተከታዩ ዓመት የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተደረገና አሸናፊው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሆነ። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን የአገር ሻምፒዮናነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ይድነቃቸው በዚህ ሁሉ ጊዜ የሚያስተዳድሩም የሚጫወቱም ሰው ነበሩ። ጠዋት ሕግ የሚያረቅቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ማሊያ ለብሶ በዚያው ሕግ ይዳኝ ነበር ማለት ነው፤ የዚያ ዘመን ስፖርት በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነበርና።

ስለ ግቦቻቸው ሁልጊዜ የሚጠቀሰው አኃዝ ለጊዮርጊስ በ23 ዓመት 365 ጨዋታ አድርገው 318 ግብ አስቆጥረዋል የሚል ነው። በዚያ ዘመን የሊግና የወዳጅነት ጨዋታ ድንበሩ እንደ ዛሬው የጠራ ስላልነበረ ቁጥሩን ከዘመኑ አጥቂዎች ጋር ማወዳደር አይገባም። ያም ሆኖ ለአንድ ክለብ ብቻ ይህን ያህል ዓመት መሰለፍ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ሲሆን የፈረንሳይ ሶማሌላንድን 5 ለ 0 አሸንፏል። ይድነቃቸው ጫማቸውን የሰቀሉት እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር።

ተጫዋችነታቸው ሳያበቃ አህጉራዊው ሥራ ጀምሯል። እ.ኤ.አ. በ1956 በሊዝበን የፊፋ ጉባኤ ላይ የአፍሪካ አገሮች ተወካዮች መከሩ፤ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ተካሄደ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችና ጥቁሮች የተቀላቀሉበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች፤ ኢትዮጵያም በቀጥታ ለፍጻሜ አለፈች። ፍጻሜው መራራ ነበር፤ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፣ አራቱንም ግብ ያገባው አድ ዲባ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በካይሮም ግብፅ ኢትዮጵያን በዚያው 4 ለ 0 ውጤት ረታች። ሦስተኛው ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲወሰን ይድነቃቸው በአሠልጣኝነት የተረከቡት ቡድን በሁለት ዋንጫ ከግብፅ ስምንት ግብ ገብቶበት አንድም ያልመለሰ ነበር።

በ1954 ዓ.ም. ጥር የተካሄደው ይህ ዋንጫ አራት አገሮችን ብቻ አገናኘ፦ ኢትዮጵያን፣ ቱኒዚያን፣ በወቅቱ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅንና ኡጋንዳን። ኡጋንዳ በአፍሪካ ዋንጫ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ገናም በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበረች። ነጻነቷን ያገኘችው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ መስከረም 29 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው።

የኡጋንዳ እግር ኳስ አመጣጥ ከአዲስ አበባው የተለየ በመሆኑ ጥቂት ቆም ብሎ ማየት ይገባል። የቡጋንዳ ንጉሥ (ካባካ) ሙዋንጋ በ1880ዎቹ ቤተ መንግሥታቸውን በሜንጎ ኮረብታ ከተከሉ በኋላ ሜንጎ የቡጋንዳ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። በአጎራባቹ የናሚሬምቤ ኮረብታ የእንግሊዝ ሚሲዮናውያን ሰፈሩ፤ በሜንጎ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ከፈቱ፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይም ኳሷን አስተዋወቁ። ጨዋታው ከሜንጎና ከአካባቢዋ ትምህርት ቤቶች ወደ ቡዶ ኮሌጅና ወደ ሌሎች ክፍሎች ተሰራጨ። ከሜንጎ ብዙም ሳይርቅ የናኪቩቦ ሜዳ ለስፖርት ተሰጠ፤ በኋላም የአገሪቱ ዋና ስታዲየም ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ኡጋንዳና ኬንያ ለጎሴጅ ዋንጫ ይፎካከሩ ነበር፤ ታንጋኒካና ዛንዚባር ኋላ ተቀላቀሉ። እንግዲህ በሜንጎ ኳስ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተተክላ ከትምህርት ቤት ወደ ሕዝቡ ወረደች፤ በአዲስ አበባ ደግሞ የአራዳ ወጣቶች ከሰፈር አንሥተው ወደ ላይ አወጧት። ኡጋንዳውያን ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ለውድድሩ አዲስ ይሁኑ እንጂ ለጨዋታው አዲስ አልነበሩም፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ የአገር ለአገር ግጥሚያ ልምድ ይዘው ነው የመጡት።

ኢትዮጵያ ጥር 6 ቀን ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ አለፈች። ጥር 10 ቀን፣ ከተማዋ ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕር በምትሸኝበት በከተራ ዕለት፣ ኡጋንዳ ከሁለት ጊዜ ሻምፒዮኗ ግብፅ ጋር ገጠመችና 2 ለ 1 ተሸነፈች። አንድ ግብ ብቻ ለይቷቸው መውጣቱ ለአዲስ ተሳታፊ የሚያኮራ ነው። ጥር 12 ቀን ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ ግን ቱኒዚያ 3 ለ 0 ረታቻቸው። ስለዚህ የይድነቃቸው ቡድንና ኡጋንዳ በዚያ ዋንጫ ፊት ለፊት አልተገናኙም።

ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም የተደረገው ፍጻሜ የአሠልጣኙ ሕይወት ትልቁ ፈተና ነው። ግብፅ በ35ኛው ደቂቃ በባዳዊ አብደል ፈታህ መራች። ግርማ ተክሌ በ74ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ፤ ባዳዊ በደቂቃ ልዩነት ሁለተኛውን አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ እንደገና አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አስቆጠሩ፤ ውጤቱ 4 ለ 2። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ መመለስ፣ ከዚያም በተጨማሪ ሰዓት ጉልበት ማግኘት የዕድል ሥራ ብቻ አይደለም። ሜዳዋ ከባሕር ጠለል ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗ ሳይረዳ አልቀረም፤ ቡድኑ ግን ተስፋ እንዳይቆርጥ ተደርጎ የተዘጋጀ ቡድን ነበር። ከአሥመራ፣ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች የመጡ ተጫዋቾች አንድ ልብ ሆነው ተጫወቱ። መንግሥቱ ወርቁ በሦስት ግብ ከባዳዊ ጋር የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ዋንጫውን ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው ሉቺያኖ ነው።

ከዚህ በኋላ የይድነቃቸው ሥራ በአመዛኙ ወደ አህጉሩ አመራር ዞረ። አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ ቀጥተኛ ቦታ ስለተነፈገች የአህጉሩ አገሮች እ.ኤ.አ. የ1966ቱን ውድድር ሲተዉ ከትግሉ ፊት አውራሪዎች አንዱ ነበሩ፤ ለቀጣዩ ዋንጫ ቦታው ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1972 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1976 ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ተባረረች።

ኡጋንዳም ወደ ኢትዮጵያ ሜዳ ተመላልሳለች። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ባስተናገደችባቸው ሦስቱም ጊዜያት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ በ1968ና በ1976 ኡጋንዳ ነበረች። በ1968 ኢትዮጵያ 2 ለ 1፣ በ1976 ደግሞ 2 ለ 0 አሸንፋታለች። ኡጋንዳ ግን አደገች፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በጋና ለፍጻሜ ደርሳ በአስተናጋጇ 2 ለ 0 ተሸነፈች። ይህ የሆነው በይድነቃቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን ነው፤ በሦስት አገሮች ውድድር የተጀመረው ዋንጫ በማጣሪያ ብዙ አገሮች የሚፎካከሩበት ሆኖ ነበር።

ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ በፕሬዚዳንትነቱ ቆዩ። ባረፉ በአራተኛው ወር አዲስ አበባ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ አስተናገደች፤ ይህ ውድድር ከጎሴጅ ዋንጫ የወረደ፣ በድል ብዛትም ኡጋንዳ የምትመራው ነው። በፍጻሜው ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ረትታ ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች።