ከትውስታ ወደ ባይት ተርታ
የነቀምት የጽሑፍ ታሪክና የፕሮግራም መረጃ አቀማመጥ

አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሥራ ላይ ሳለ የሚይዘው መረጃ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር እርስ በርሱ የተሳሰረ ነው። አንዱ ክፍል የሌላውን አድራሻ ይዟል፤ ያም በተራው ወደ ሦስተኛው ያመለክታል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ወይም የኤሌክትሪክ ኀይል ሲቋረጥ ግን ይህ ድር በሙሉ ይጠፋል። መረጃው ለነገ እንዲቆይ፣ ወይም ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው እንዲተላለፍ ከተፈለገ፣ በአንድ መስመር ወደሚሰለፍ የባይት ተርታ መለወጥ፣ በኋላም ከዚያው ተርታ ላይ እንደ ቀድሞው መልሶ መቆም አለበት። የሙያው ሰዎች ይህን ሥራ ሲሪያላይዜሽን ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ተግባር መደርደር፣ ሁለተኛውን መልሶ መገጣጠም እያልን እንጠራቸዋለን።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ችግሩ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በአእምሮ ያለን ነገር በምልክት አስፍሮ ሩቅ አገር ወይም ሩቅ ዘመን ላለ አንባቢ ማድረስ የጽሕፈት ሁሉ ሥራ ነውና። ነቀምትና የወለጋ ከተሞች በአንድ መቶ ሃያ ዓመት ውስጥ የፊደል፣ የመሣሪያና የአንባቢ ለውጥ ስላዩ፣ ታሪካቸው ይህን የምሕንድስና ጉዳይ ለመረዳት እጅግ ይጠቅማል። ከዚህ ታሪክ የምናገኘው ዋና ቁም ነገር ባይት ብቻውን ትርጉም የሌለው መሆኑ ነው። ትርጉሙን የሚሰጠው በጸሐፊውና በአንባቢው መካከል ያለው ስምምነት ነው። ስምምነቱ ከጠፋ ባይቱ ሳይጐድል መረጃው ይጠፋል።

ከፊንጫ ተርባይን እስከ ጊምቢ ቡና

በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ የኤሌክትሪክ ኀይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። መሐንዲሶች እንደሚያውቁት እንዲህ ያለ ማሽን ተገጣጥሞ አይጓዝም። በክፍል በክፍል ተፈትቶ፣ እያንዳንዱ ክፍል ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሣጥን ታሽጎ ይመጣና ከተከላው ስፍራ ሲደርስ በሥዕሉ መሠረት ይገጣጠማል። ሣጥኖቹ ሁሉ በሰላም ደርሰው ሥዕሉ ቢጠፋ፣ የተከላው ሠራተኛ የሚያገኘው ክምር ብረት ነው። መደርደርም እንደዚሁ ነው፤ ክፍሎቹ፣ ቅደም ተከተላቸውና ሥዕሉ ሦስቱም ያስፈልጋሉ።

አሁን ከጊምቢ የሚላክን አንድ ጆንያ ቡና የሚመዘግብ ፕሮግራም እናስብ። መዝገቡ የቦታውን ስም፣ ክብደቱንና ዓመቱን ይይዛል። ክብደቱ 60 ኪሎ ነው እንበል። ይህ ቁጥር እንደ ቁጥር ሲጻፍ በአንድ ባይት ያልቃል፤ እርሱም 60 ነው። እንደ ጽሑፍ ከተጻፈ ግን ሁለት ባይት ይሆናል፤ አስኪ በተባለው በ1963 በወጣው የምልክቶች ሠንጠረዥ መሠረት ስድስት 54፣ ዜሮ ደግሞ 48 ነውና። ያው 60 የተባለው ባይት በዚሁ ሠንጠረዥ «ያንሳል» ለሚለው የሒሳብ ምልክት የተሰጠ ቁጥር ነው። እንግዲህ ባይቱን ያየ ሰው ክብደት ይሁን ምልክት ከባይቱ ሊያውቅ አይችልም።

ዓመቱም የራሱ ጣጣ አለው። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ስለሚይዝ 1899 የሚለው ቁጥር ሁለት ባይት ይፈልጋል፤ እነርሱም 7 እና 107 ናቸው፤ ሰባት ጊዜ 256 ሲደመር 107 ማለት ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ኮምፒዩተር ትልቁን ባይት ሲያስቀድም ሌላው ትንሹን ያስቀድማል። በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ያለ ስምምነት ቢያነበው 1899 የነበረው 27399 ሆኖ ይወጣል። ዳኒ ኮኸን የተባሉ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1980 በጻፉት የታወቀ ጽሑፍ ይህን የቅደም ተከተል ክርክር ከሃይማኖት ጦርነት ጋር ያመሳሰሉት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቁጥሩ በትክክል ተነበበ እንኳ ብንል፣ 1899 በየትኛው አቆጣጠር? በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ከ1906 እስከ 1907 ያለው የአውሮፓውያን ዘመን ነው። የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት እንዲፈጠር አንድም ባይት መበላሸት አያስፈልገውም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከምኩሉ ወደ ነቀምት

ስለ 1899 ያነሣነው ለምሳሌ ብቻ አይደለም። በዚህ ዓመት በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አቅራቢያ በሚገኘው ቅዱስ ክሪሾና፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ቋንቋ በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር ሁሩሙ አካባቢ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ተይዘው የተሸጡና በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጡ ሰው ነበሩ። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት አስቴር ጋኖ የሊሙ ተወላጅ ሲሆኑ፣ ወደ ባሕር ማዶ ለሽያጭ ሲወሰዱ በ1886 የጣሊያን መርከብ ነጻ አውጥቷቸው በኤርትራ ምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን የመጡ ናቸው። አስቴር አምስት መቶ ያህል የኦሮሞ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ ንግግሮችንና ዘፈኖችን በቃላቸው ከያዙት ላይ ጻፉ። ከነዚህም በርካታዎቹ በ1894 ምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

ነገሩን በሙያችን ዓይን ስንመለከተው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ከአገሯ ተነጥቃ በባዕድ ምድር የምትኖር አንዲት ሴት በትውስታዋ የተሸከመችው ሀብት በፊደል ተርታ ተደረደረ። በ1904 ኦነሲሞስና ጓደኞቻቸው ወደ ነቀምት ሲመጡ ያ ተርታ ወደ ቋንቋው አገር ተመለሰ። እዚያም በተከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች አነበቡት። የተሠራው ሥራ እውነተኛ መደርደርና መልሶ መገጣጠም ነበር፤ የሠመረውም ጽሑፉ፣ ፊደሉና ፊደሉን የሚያስተምረው ሰው አብረው ስለ ተጓዙ ነው።

ፊደሉ ግን ሁሉን አልያዘም። ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ በግዕዝና በአማርኛ ለማይገኘው ድምፅ ዸ የተባለ የተለየ ሆሄ አስፈልጓል። መጥበቅና መላላትንም የተለመደው የፊደል አጻጻፍ አያሳይም። በአማርኛ «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ የመናገር፣ ሲጠብቅ የመኖር መሆኑን የምናውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። በኦሮምኛም በዳ የሚለው ቃል ዳ ሲጠብቅ ደጋ፣ ሲላላ መጥፎ ማለት ይሆናል። ቋንቋውን የሚያውቅ አንባቢ የጐደለውን ከራሱ ይሞላል። ኮምፒዩተር ግን ከራሱ የሚሞላው ነገር የለውም። ሲደረደር የተተወ ነገር ሲገጣጠም አይገኝም።

ሁለት ስም፣ አንድ ሰው

ኦነሲሞስን የተቀበሏቸው የነቀምት ገዥ በኦሮምኛ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው ደግሞ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ይባሉ ነበር። ኦነሲሞስም ቢሆኑ የትውልድ ስማቸው ሂካ ነው። ከተማይቱ ራሷ በአሮጌ ጽሑፎች ለቀምት ተብላ ትገኛለች፤ ቡናዋም እስከ ዛሬ በዓለም ገበያ በዚሁ ስም ይታወቃል። ታሪኩን የማያውቅ መዝጋቢ ከአንዱ ገዥ ሁለት ገዥ፣ ከአንዲቷ ከተማ ሁለት ከተማ ሊያወጣ ይችላል።

በፕሮግራም ውስጥም ይኸው ይደርሳል። አንድ ገበሬ በሦስት የቡና መዝገቦች ላይ ቢጠቀስ በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያለው አንድ ጊዜ ነው፤ ሦስቱም መዝገቦች ወደ እርሱ ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ከፕሮግራሙ ውጭ ዋጋ የለውም። ለእንግዳ ሰው «ከበላይ ጎረቤቴ በታች ነው ቤቴ» ብሎ እንደ መንገር ነው። ደርዳሪው ፕሮግራም ሳያስተውል ገበሬውን ሦስት ጊዜ ከጻፈው፣ መልሶ ሲገጣጠም ሦስት ገበሬዎች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የአንዱ ስልክ ቢታረም የሌሎቹ ሳይታረም ይቀራል። ስለዚህ ጥሩ ደርዳሪ ለእያንዳንዱ አካል መጀመሪያ ሲያገኘው ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ዳግመኛ ሲያገኘው ቁጥሩን ብቻ ይጽፋል። ይህ ዘዴ ሁለት አካላት እርስ በርሳቸው ሲያመለካከቱ ፕሮግራሙ ማለቂያ በሌለው ዙር እንዳይያዝም ይጠብቀዋል።

ከጽሕፈት መኪና ወደ ዩኒኮድ

የግዕዝን ፊደል ለመሣሪያ ማስገዛት ብዙ ድካም ጠይቋል። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚህ ያልፋሉ። በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሥራ ስማቸው የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩና ተከታዮቻቸው ይህን ሁሉ በጥቂት መምቻ ማውጣት የቻሉት ፊደሉን በክፍልፋይ እየቀጣጠሉ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የግዕዝ ፊደልን በግል ኮምፒዩተር የሚጽፉ ፕሮግራሞች ሲወጡም ችግሩ ተመልሶ መጣ። አንድ ባይት 256 ምልክት ብቻ ስለሚበቃ፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ በመሰለው መንገድ ፊደላቱን ለቁጥሮች አከፋፈለ። በአንዱ ፕሮግራም «ነ» የነበረው ቁጥር በሌላው ሌላ ፊደል ሆነ። በየጽሕፈት ቤቱ የተጻፈው ሰነድ የሚነበበው ያው ፕሮግራም እስካለ ድረስ ብቻ ነበር። ፕሮግራሙ ከገበያ ሲወጣ ሰነዱ ባይት ሳይጐድለው የማይነበብ ሆነ።

መፍትሔው የመጣው በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም 345 የግዕዝ ፊደላትን፣ ቁጥሮችንና ሥርዓተ ነጥቦችን በማካተቱ ነው። ዸም ከነዘሮቹ በዚያ ውስጥ ቦታ አገኘ። ዛሬ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ ነቀምት የሚለው ቃል እንዲህ ይደረደራል፤ «ነ» 225፣ 138፣ 144፤ «ቀ» 225፣ 137፣ 128፤ «ም» 225፣ 136፣ 157፤ «ት» 225፣ 137፣ 181። አራቱ ፊደላት አሥራ ሁለት ባይት ይወስዳሉ። ያው ስም በቁቤ ሲጻፍ ስምንት ሆሄ ስለሆነ ስምንት ባይት ይበቃዋል። ብዙ ባይት መፍጀቱ ግን ትንሽ ዋጋ ነው፤ በምትኩ የተገኘው በነቀምትም ሆነ በዓለም ዳርቻ ያለ ማናቸውም ኮምፒዩተር በአንድ ስምምነት የሚያነበው ጽሑፍ ነው።

አንባቢው ሲለወጥ

በ1975 የተመሠረተው በሪሳ የተባለው የኦሮምኛ ጋዜጣ በግዕዝ ፊደል ይታተም ነበር። በ1991 በላቲን ሆሄያት ላይ የተመሠረተው ቁቤ የኦሮምኛ መጻፊያ እንዲሆን ተወሰነ። ቁቤ መጥበቅንና የድምፅ መርዘምን በግልጽ ስለሚያሳይ የቀድሞው አጻጻፍ የሚተወውን ይይዛል። ከዚያ ወዲህ በወለጋ ትምህርት ቤቶች የኦሮምኛን ንባብ የተማረ ልጅ ግን፣ የግዕዝን ፊደል በአማርኛ ትምህርቱ ካልተማረ በቀር፣ በ1899 የታተመውን የአያቶቹን መጽሐፍ በገዛ ቋንቋው ተጽፎ እያለ ሊያነበው አይችልም። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

የፕሮግራም መረጃም ይህ ዕጣ አለበት። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ1997 በወጣው 1.1 ዕትሙ አካላትን በቀጥታ የሚደረድር ዘዴ አቀረበ። ዘዴው ለፕሮግራመሩ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን የአካሉ ንድፍ ከተለወጠ ፕሮግራሙ ትናንት የጻፈውን ዛሬ ላነብ አልችልም ሊል ይችላል። ከማይታመን ሰው የመጣ ተርታ ሲገጣጠምም ያልታሰበ ትእዛዝ ሊያስፈጽም እንደሚችል ከጊዜ በኋላ ታወቀ። ሌሎች መሐንዲሶች ስምምነቱን ከአንድ ቋንቋ አላቅቀው በጽሑፍ ማኖርን መረጡ። በ1987 የታወጀው ኤክስ-ዲ-አር የባይቶችን ቅደም ተከተል ለሁሉም ወሰነ፤ በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤልና ኋላ የተስፋፋው ጄሰን እያንዳንዱን ዋጋ ከነስሙ በሚነበብ ጽሑፍ ያሰፍራሉ። እነዚህ ቦታ ይፈጃሉ፤ ሆኖም የጻፋቸው ፕሮግራም ከጠፋ በኋላም ሰው አንብቦ ሊረዳቸው ይችላል።

የማኅበራችን ድርሻ

አሌሳንድሮ ትሪውልዚና ተሰማ ታአ የወለጋን ታሪክ ሰነዶች ሰብስበው በ2004 በአዲስ አበባ ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ ዘመኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አብረው ጽፈዋል። ጥቂት ፊደል የምትፈጅ ማስታወሻ ናት፤ ነገር ግን መጽሐፉን የያዘ ሁሉ ያለ ጠያቂ ዘመኑን ያውቃል።

ዛሬ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ የሚመዘገበው የመሬት ይዞታ፣ የልደትና የቡና ግብይት በኮምፒዩተር ውስጥ እየገባ ነው። መዝገቡን የሚሠራው መሐንዲስ ከሦስት ነገሮች ሊቆጠብ አይገባውም። ፊደሉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ዓመቱ ከነአቆጣጠሩ፣ ክብደቱ ከነመለኪያው ይቀመጥ፤ የመዝገቡ አደራደር መግለጫ ከባይቶቹ ጋር በአንድ ስፍራ፣ በሰው ቋንቋ ተጽፎ ይኑር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንዲት መበለት የባሏን የይዞታ መዝገብ ስትጠይቅ፣ መዝገቡን የጻፈው ፕሮግራምም መሐንዲስም በቦታው አይገኙ ይሆናል። ያን ጊዜ መልስ የምታገኘው ከእነርሱ ሳይሆን ከባይቶቹ ጎን ከተቀመጠው መግለጫ ነው።