ቤቱን ማን አደሰው?

የቢቢሲው የሬዲዮ ድራማ «ዘ አርቸርስ» እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1951 በመላ ብሪታንያ መተላለፍ ሲጀምር ሥራው ገበሬው ምርት እንዲጨምር መምከር ነበር፤ የጦርነቱ ራሽን ገና አላበቃም።

በ2020 ምክሩ ወደ ዕድሳት ዞረ። ፊሊፕ ሞስ መንደሩ የሚያምነው ኮንትራክተር ነው። በግሬይ ጌብልስ ሆቴል ፍንዳታ ሲደርስ ግን ከተጎዱት አንዱ ሠራተኛው ብሌክ ሆነ፤ ቀስ በቀስም ጉዱ ወጣ። ብሌክና ሁለት ጓደኞቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የዘመናችን ባሮች ነበሩ። ሞስና ልጁ «ፈረሶቹ» ይሏቸዋል! አድማጩ ቀድሞ ያውቅ ነበር፤ ቤት አሳዳሹ አያውቅም።

እኛስ? ቅድሚያ ክፍያ፣ ሲሚንቶ፣ ማስረከቢያ ቀን እንከራከራለን። ኮንትራክተሩ ዋጋውን ሲቀንስልን ልዩነቱን ማን እንደሚከፍለው ግን አንጠይቅም። ውሉ ላይ መጀመሪያ መግባት ያለበት የቀን ሠራተኛው ሒሳብ ነው። አምና የተከራየሁት ቤት ሲቀባ የቀቢውን ልጅ ስም እንኳ አልጠየቅሁም።