በአንድ ዓመት የተጀመሩ ሁለት አድማዎች

የአገሮችን ኑሮ ስናወዳድር መመዘኛችን ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ነው። ሰውየው ስንት ያገኛል? ምን ዓይነት መኪና ይነዳል? በዓመት ስንት ቀን ያርፋል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ፈረንሣይንና አሜሪካን በዚህ በተዘነጋው ሚዛን ላስቀምጣቸው አስቤአለሁ፤ ለዚህም ወደ 1936 እ.ኤ.አ. መመለስ ያሻል።

በዚያ ዓመት በሜይ ወር የፈረንሣይ ግራ ክንፍ ፓርቲዎች ግንባር ፈጥረው ምርጫውን አሸነፉ። መሪው ሌዎን ብሉም ገና ሥልጣን ሳይረከብ በለ አቭር ከተማ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ የተነሣው አድማ አገሩን አዳረሰ። በጁን ሁለት ሚሊዮን ያህል ሠራተኛ ሥራ አቁሞ ነበር። የአድማው ዓይነትም እንግዳ ነው። ሠራተኛው በር ላይ ቆሞ መጮኹን ትቶ እዚያው ፋብሪካው ውስጥ ማደር ጀመረ። ባለ ፋብሪካው ሌላ ሰው አስገብቶ እንዳያሠራ ቦታው ተይዟል፤ በኃይል እንዳያስወጣ ውድ መሣሪያው ውስጥ ነው። ምግብ ከውጭ ይቀበላሉ፤ ማታ አኮርዲዮን እየተጫወቱ ይጨፍራሉ።

ብሉም ጁን 7 ቀን ሁለቱን ወገኖች አስማማ፤ ደመወዝ ከ7 እስከ 15 በመቶ ተጨመረ። ፓርላማውም በዚያው ወር የ40 ሰዓት የሥራ ሳምንትንና ደመወዝ የሚከፈልበት የሁለት ሳምንት የዓመት ፈቃድን ደነገገ። የመዝናኛና የስፖርት ኃላፊው ሌዎ ላግራንዥ ለእረፍት ተጓዦች የባቡር ዋጋ በ40 በመቶ እንዲቀነስ አደረገ። ባሕርን በሥዕል ብቻ ያውቅ የነበረ ብዙ የከተማ ሠራተኛ በዚያ ክረምት እግሩን ውሃ ውስጥ ነከረ።

ሁሉም አልሰመረም። ፍራንክ በዚያው ዓመት ዋጋው ተቀነሰ፤ የ40 ሰዓቱ ሕግም በ1938 ላላ። የዓመት ፈቃዱ ግን ዘለቀ። እንዲያውም በ1956 ሦስት፣ በ1969 አራት፣ በ1982 አምስት ሳምንት ሆነ።

አሁን አትላንቲክን እንሻገር። ዲሴምበር 30 ቀን 1936 በሚሺጋን ግዛት፣ በፍሊንት ከተማ፣ የጄኔራል ሞተርስ ሠራተኞች በዚያው ስልት ፋብሪካውን ይዘው ተቀመጡ። 44 ቀን ቆዩ። ዋነኛ ጥያቄያቸው ማኅበራቸው እንዲታወቅ ነበር። አገኙትም። በ1938 የወጣው የሥራ ሕግ ዝቅተኛውን ደመወዝ በሰዓት 25 ሳንቲም አደረገ፤ ከተወሰነው ሰዓት በላይ ለሚሠራም አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል አዘዘ። (የእርሻና የቤት ሠራተኛውን አላካተተም፤ በደቡብ ጥቁሮች የተሰማሩት ደግሞ በዚያ ነበር።) ስለ ዓመት ፈቃድ አንድ ቃል የለውም። ያ ለኅብረት ስምምነት ተተወ። በ1950 የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ከጄኔራል ሞተርስ ጋር የተፈራረመው የአምስት ዓመት ውል ጡረታና ሕክምናን ሁሉ የያዘ፣ ፈረንሣዊ የሚቀናበት ውል ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው በሕግ ጻፈው፣ ሌላው በውል። ሕግ ማኅበር የሌለውን አስተናጋጅም ይሸፍናል፤ ውል የሚያገለግለው ተዋዋዩን ነው። ማኅበራቱ እየሳሱ ሲሄዱ፣ ጄኔራል ሞተርስም በ2009 በኪሳራ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ በውል የተገኘው ነገር ምን ያህል ስስ እንደሆነ ታየ።

ታዲያ ማን ተጠቀመ? በአማካይ ገቢ አሜሪካ ርቃ ትበልጣለች። ፈረንሣይም ለረጅም ዓመታት በሥራ አጥነት፣ በተለይ በወጣቶቿ ሥራ አጥነት ተቸግራለች፤ ይህን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። ነገር ግን አሜሪካዊው ሠራተኛ በዓመት ከ250 ሰዓት በላይ ጨምሮ ይሠራል፤ ዕድሜውም በአማካይ ከፈረንሣዊው ከሦስት ዓመት በላይ ያጥራል። ለዚህ ሕክምናውና አመጋገቡም ድርሻ አላቸው፤ እረፍቱን ግን ከቁጥር አላወጣውም።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቋረጥ 16 የሥራ ቀን ያርፋል። ዋሽንግተን ሆቴል ውስጥ አልጋ የሚያነጥፈው ወንድሙ የሚያገኘው ደመወዝ ብዙ እጥፍ ነው፤ የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ ግን አንድም ቀን የለም። ለእናቱ ተዝካር ልምጣ ቢል የሚለምነው አሠሪውን ነው።