ጸሎት ወደ እህል ሲለወጥ፦ አብያተ ክርስቲያናትና የቢያፍራ ረሃብ (1967–1970)



በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቅዳሴ ውስጥ ለሕሙማን፣ ለመንገደኞች፣ ለዝናምና ለምድር ፍሬ የሚቀርቡ ልመናዎች እንዳሉ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሕሙማኑ የየትኛው መንግሥት ተገዥ እንደሆኑ ማንም አይጠይቅም። ጸሎቱ ወደ እህል ሲለወጥ ግን ጥያቄው ይከተላል፤ እህሉ በማን ወደብ ይገባል? በማን ፈቃድ ያልፋል? የማረፊያውን ክፍያስ ማን ይቀበላል? ዛሬ የምናገረው አብያተ ክርስቲያናት እነዚህን ጥያቄዎች ሸሽተው ሊያመልጡ ስላልቻሉበት ጦርነት ነው። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።

በ1966 በሰሜን ናይጄሪያ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ሺህ ኢግቦዎች ተገደሉ፤ የተረፉት ወደ ምሥራቅ ሸሹ። በግንቦት 1967 ኮሎኔል ኦጁኩ ምሥራቁን ክፍል «የቢያፍራ ሪፐብሊክ» ብለው አወጁ፤ በሐምሌ ጦርነቱ ተጀመረ። የፌዴራሉ ጦር ወደቦቹን ያዘ፤ ቢያፍራ ከባሕር ተቆረጠች። ፕሮቲን ያጡ ሕፃናት ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጸጉራቸው ቀልቶ በየሚሲዮኑ ደጃፍ ተኰለኰሉ። በ1968 ክረምት ሥዕላቸው በአውሮፓ ጋዜጦች ሲወጣ «ክዋሺዮርኮር» የሚለው የሕክምና ቃል በየቤቱ ተሰማ።

በሥፍራው ቀድመው የነበሩት በአብዛኛው አይርላንዳውያን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ነበሩ። በየደብራቸው የሚጸልዩላቸው ምእመናን በአገር ቤት ስላሏቸው የላኩት ደብዳቤ በቀጥታ ከመቅደሱ ወደ ገንዘብ መሰብሰቢያው አለፈ። ካሪታስ በረራ ጀመረ፤ የስካንዲናቪያ ፕሮቴስታንቶች ተከተሉ፤ ቆይቶ ሁሉም «የአብያተ ክርስቲያናት የጋራ እርዳታ» በሚል ስም ተባበሩ። የእንግሊዝኛው ስም የመጀመሪያ ፊደላት «ጄ. ሲ. ኤ.» ስለሆኑ አብራሪዎቹ «የኢየሱስ ክርስቶስ አየር መንገድ» ብለው ቀለዱበት። ቀልዱ እንደ ቀልድ ይለፍ እንጂ አንድ ቁም ነገር አለበት፤ በአንድ መንበር ፊት አብረው መቍረብ የማይችሉ ካቶሊኮችና ሉተራውያን አንድ አውሮፕላን አብረው ጫኑ። የአሜሪካ አይሁድ ድርጅቶችም ተጨመሩ።

መነሻው ሳኦ ቶሜ ደሴት ነበር፤ ያን ጊዜ የፖርቱጋል ቅኝ ግዛት። (ፖርቱጋል በአንጎላና በሞዛምቢክ ስትዋጋ ለቢያፍራ ያዘነችው ከምሕረት ብቻ ነው የሚል ካለ ልስማው።) መድረሻው ኡሊ ነው። ኡሊ አየር ማረፊያ አልነበረም፤ የተስፋፋ የአስፋልት መንገድ ቁራጭ ነው። አውሮፕላኖቹ በሌሊት መብራታቸውን አጥፍተው ይመጣሉ፤ የማረፊያው መብራት ለጥቂት ቅጽበት ይበራና ወዲያው ይጠፋል፤ በላያቸው የፌዴራሉ ቦምብ ጣይ እየዞረ ያንን ቅጽበት ይጠብቃል። የደረቀ ዓሣ፣ የወተት ዱቄት፣ ጨውና መድኃኒት በጨለማ ይራገፋል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይመለሳሉ። በዚህ ዓይነት ከ5,000 የሚበልጡ በረራዎች ተደረጉ፤ ወደ 60,000 ቶን የሚጠጋ እርዳታ ገባ። ከበረራ ሠራተኞቹ ሕይወታቸውን የሰጡ አሉ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር እንምጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አብያተ ክርስቲያናቱ የራሳቸው አውሮፕላን ስላልነበራቸው ቦታ የተከራዩት ሃንክ ዋርተን ከተባለ አሜሪካዊ ነው። እርሱ ለኦጁኩ ጦር መሣሪያ የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር። የራሳቸው አውሮፕላን ከተገኘም በኋላ የእርዳታውና የመሣሪያው በረራ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ኡሊ ይገናኝ ነበር፤ አንዱ ለሌላው መሸፈኛ ሆነ። ደግሞም ድርጅቶቹ በቢያፍራ ውስጥ ለሚያወጡት ወጪ የውጭ ምንዛሪ ይመነዝሩ ነበር፤ ያ ምንዛሪ ለኦጁኩ መንግሥት ደረሰ።

በሌላው ወገን የፌዴራሉ አንዳንድ ባለሥልጣናት ረሃብ ሕጋዊ የጦር ስልት ነው ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በነሐሴ 1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አስታራቂነት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ድርድር ከተሰናከለባቸው ጉዳዮች አንዱ የእርዳታው መንገድ ነበር። ሌጎስ እኔ የምቈጣጠረው መተላለፊያ ይከፈት አለች፤ ኦጁኩ በዚያ መንገድ ጦር ይገባብኛል፣ እህሉም ይመረዛል ብለው እምቢ አሉ። በሁለቱ እምቢታ መካከል የቀረው የኡሊ ሌሊት ብቻ ሆነ። በሰኔ 1969 የቀይ መስቀል አውሮፕላን ተመትቶ ሲወድቅ ቀይ መስቀል በረራውን አቆመ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን ቀጠሉ።

ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ሰው በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በጣሊያን ወረራ ጊዜ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አብራሪ ነበር፤ ከነፃነት በኋላም የአየር ኃይላችንን ካደራጁት አንዱ ነው። በነሐሴ 1968 የአብያተ ክርስቲያናቱን እርዳታ ጭኖ ዝቅ ብሎ እየበረረ ኡሊ ገባ። በግንቦት 1969 ደግሞ ሮኬት የታጠቁ ትናንሽ አውሮፕላኖችን መርቶ የፌዴራሉን አየር ማረፊያዎች ደበደበ። ዘጠኝ ወር ገደማ በሆነ ጊዜ ውስጥ ከወተት ወደ ሮኬት። የተራበውን ማብላት የሚያስርበውን እስከ መምታት ይደርሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ እርሱ በግሉ መልስ ሰጠ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ያንን መልስ ሊቀበሉ አይችሉም ነበር። ፎን ሮዘን በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ጎዴ ላይ ተገደለ።

በኋላ ብዙ ተመራማሪዎች እርዳታው ጦርነቱን አራዘመ፣ ስለዚህም ሞቱን አበዛ ብለው ፈረዱ። እኔ ይህን ፍርድ በግማሹ ብቻ እቀበላለሁ። በጥር 1970 ቢያፍራ እጇን ስትሰጥ የተፈራው የጅምላ ጭፍጨፋ አልደረሰም፤ ጄኔራል ጎዎን «አሸናፊም ተሸናፊም የለም» አሉ። ነገር ግን የ1966ቱን እልቂት ያየ ሚሲዮናዊ ይህን በ1968 እንዴት ያውቅ? በእጁ የነበረው ዕውቀት የሕፃኑ ሆድ ነው። በኋላ የታወቀውን ይዞ ወደ ኋላ መፍረድ የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። ስለ ዋርተን፣ ስለ ምንዛሪውና ስለ ሌሊቱ መሸፈኛነት ግን ያን ጊዜውኑ ያውቁ ነበር። የሚጠየቁትም በዚህ ነው፤ በማብላታቸው ሳይሆን ለምእመኖቻቸው ይህን ሳይናገሩ ቀለል ያለ ታሪክ በመንገራቸው።

ያ ቀለል ያለ ታሪክ ክርስቲያኖች በሙስሊሞች ተከበቡ የሚል ነበር፤ የቢያፍራ የፕሮፓጋንዳ ወኪል ከጄኔቫ አሰራጨው፣ ብዙ ሰባኪም ደገመው። የፌዴራሉ መሪ ጎዎን ግን የአንግሊካን ወንጌላዊ ልጅ ናቸው። ኦጁኩ ካቶሊክ ነበሩ። በሌጎስ አብያተ ክርስቲያናትም፣ በኦዌሪም ሕዝቡ ስለ ሰላም ይጸልይ ነበር፤ በየእሑዱ የሚያንበረክከው ሐዘን ከሁለቱም ወገን ነው፤ የጄ. ሲ. ኤ. እህል ግን በአንድ ወገን ብቻ አረፈ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሌጎስ የጄ. ሲ. ኤ.ን እርዳታ አልቀበልም አለች። በቢያፍራ ከሕዝቡ ጋር የቆዩት ሚሲዮናውያን ያለ ፈቃድ ገብታችኋል ተብለው ፖርት ሃርኮርት ላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ተፈርዶባቸውም ከአገር ወጡ። ጎዎን በ1996 «ናይጄሪያ ትጸልያለች» የሚል የጸሎት ንቅናቄ መሠረቱ። በጦርነቱ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ጋቦን የተወሰዱት በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት በየቡድኑ ሲመለሱ ከወላጆቻቸው ጋር የሚያገናኛቸው ስምና የመንደር ስም የተጻፈበት መዝገብ ነበር፤ የአንዳንዶቹ መዝገብ ግን ባዶ ነበረ።